አውሮራ ላይ ያበጠርነው በቆሎ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ከተመለስኩ ጀምሮ ራሴን ስጠይቅ ቆየሁ። አሜሪካ ደርሶ የመጣን ሰው የሚጠይቁት ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ ነው። እኔ ግን ከሦስት ሳምንት ቆይታዬ ይዤ የመጣሁት የአሳማና የበቆሎ ወሬ ነው። አሳማ ደግሞ በእኛ ቤት ማዕድ ላይ ስሙ የማይነሳ እንስሳ ነው። ቢሆንም እንስሳ የሚያረባና በቆሎ የሚያበላ ሰው ካነበበው አንድ ነገር ሊጠቅመው ይችላል ብዬ አሰብኩ። ለእናቴ በአፌ ልነግራት ያልቻልኩት ነገርም አለ። እሷ ማንበብ ትወዳለች።

ቢሾፍቱ ነው የምኖረው። ዘንድሮ የእንስሳት ሕክምና አንደኛ ዓመት ጨረስኩ። አንደኛ ዓመት ማለት ሒሳብ፣ ኬሚስትሪና እንግሊዝኛ ማለት ነው። የታመመ እንስሳ አጠገብ የቆምኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ላም ስትከተብ ገመድ ይዤ። በሰፈራችን ግን አንድ ልጅ ለሕክምና የተመደበ ዕለት ዶክተር ይሆናል። እናቴ ራሷ «ዶክተር፣ እስቲ ያንን ባልዲ አቀብለኝ» ትለኛለች። መጀመሪያ አፍር ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። እንደውም ሳይሉኝ ሲቀሩ ቅር ይለኝ ጀመር።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ዓለሙ ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ በምትባል ከተማ ይኖራል። ከዴንቨር ጋር የተያያዘች ናት፤ የት ላይ አንዷ አልቃ ሌላዋ እንደምትጀምር እስከ መጨረሻው አልለየሁም። ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ፤ ቆይቶ «ታክሲውን ትቼ እርሻ ይዣለሁ» ብሎ ደወለ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ወንድሜ የከብት እርባታ ከፈተ ብላ አወራች። ለክረምት እንድጠይቀው ጥሪ ላከልኝና ማንም ሳይጠብቀው ቪዛው ተመታልኝ። እናቴ በርበሬና ሽሮ አዘጋጀች፤ በላዩም ዳሩን በቀይና በአረንጓዴ አለላ የሰፋችውን ሰፌድ ጨመረች። «ግድግዳው ላይ ይስቀለው» አለች።

ነሐሴ ፪ ቀን ዓርብ ከቢሾፍቱ የወጣሁት በዝናብ ነው። ሰፌዱ ሻንጣ ውስጥ አልገባ ስላለ በፌስታል ጠቅልዬ በብብቴ ያዝኩት። ቦሌ ላይ የሚፈትሸው ሰውዬ አገላብጦ አየውና አሜሪካ ድረስ እህል ልታበጥር ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። አውሮፕላን ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ሙቀት ሲሰማቸው እየተቀበሉኝ ይራገቡበት ነበር።

ቅዳሜ ዋሽንግተን አውሮፕላን ቀይሬ ዴንቨር ደረስኩ። የጋሼ ሚስት እትዬ ጥሩ የምትሠራው እዚያው አየር ማረፊያ ነው፤ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር ትገፋለች። አውሮፕላኑ በር ላይ በሥራ ልብሷ ሆና ጠበቀችኝ። ገና በሁለት ጉንጬ ስማኝ ሳትጨርስ በወገቧ ያለው ሬድዮ ጠራት። ሺፍቷ ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር፤ አንድ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ ለራሷ የቋጠረችውን ሽሮ በዳቦ ሰጥታኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ በየሃያ ደቂቃው አዲስ ሽማግሌ እየገፋች በፊቴ ታልፋለች። ስታልፍ ቀኝ ጉልበቷን ታነክሳለች። «ዶክተር፣ ውሃ ጠጣህ? ዶክተር፣ እንቅልፍ እንዳይወስድህ።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ዶክተር» የሚለውን ቃል ሰምቶ አስቆማትና ስለ እግሩ እብጠት ጠየቀኝ። አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ሰውዬው ግን በተስፋ ነበር የሚያየኝ፤ እግርዎን ከፍ አድርገው ይቀመጡ አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። እትዬ ጥሩ ይህንን ለጋሼ ስትነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

የሚኖሩት ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ካሉት አፓርታማዎች በአንዱ ሁለተኛ ፎቅ ነው። መንገዱ ከእኛ ከተማ አስፋልት ሦስት እጥፍ ይሰፋል፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን አይታይም። ጋሼ ቤት ሲገባ ጫማውን በረንዳ ላይ አወለቀ፣ ሸሚዙን ቀየረ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ንጹሕ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት። ሰፌዱን ስሰጠው ለረጅም ጊዜ በእጁ ይዞ አገላበጠው፤ ከዚያ ከሶፋው በላይ ምስማር መትቶ ሰቀለው።

እሑድ ነሐሴ ፬ ጾመ ፍልሰታ ነበርና ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ያገኘውን ሁሉ «የእህቴ ልጅ፣ የእንስሳት ዶክተር» እያለ አስተዋወቀኝ። እዚያው አጠገብ ግሌንዴል የሚኖሩ እማማ አስካለ የሚባሉ አሮጊት እጄን ይዘው፣ ወደ ጋሼ ዞሩና «ለጾም መፍቻ በግ አምጣልን ብዬ እስከ መቼ ልለምንህ?» አሉት።

«ዘንድሮ በግ የለኝም፣ እማማ» አለ ጋሼ።

«አምናም አልነበረህም» አሉና ራሴን ዳብሰው ሄዱ። ሲሄዱ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ወደ እርሻው ወደ ምሥራቅ ነዳን። ቤቶቹ አልቀው ሜዳ ሆነ፤ በእኛ በኩል መቼም ዓይን የሚያርፍበት ተራራ ወይ ሐይቅ አይጠፋም፣ እዚያ ግን ተራሮቹ ሁሉ ከኋላችን ቀሩና ከፊታችን ደረቅ ሣርና ነፋስ ብቻ ነበር። ጋሼ ብዙ ከነዳ በኋላ እናቴ እርሻውን የከብት እንደምትለው ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

«ከብት አይደለም» አለ። «አሳማ ነው።»

እሱ መንገዱን እያየ ነገረኝ። ሰው ታክሲን በስልኩ መጥራት ከጀመረ ወዲህ የእሱ ዓይነት ሥራ ሞተ፤ ወገቡም ተጎዳ። ራሞን የሚባል ሜክሲኳዊ ጓደኛው መሬት ነበረው፤ አብረን እናርባ አለው፣ አሳማ ቶሎ ይራባል። አይበላውም፣ አያርደውም፤ አሳድጎ ለሚበላው ይሸጣል። ከእትዬ ጥሩና ከራሞን በቀር የሚያውቅ የለም። ቤተ ክርስቲያን ቢሰሙ ከእሱ እጅ ጸበል ጻዲቅ የሚቀበል አይኖርም ብሎ ያምናል። አስራ አንድ እናት አሳማዎች አሉ፤ ሁሉም መስከረም ላይ ይወልዳሉ። እነሱ በሰላም ከወለዱ እትዬ ጥሩ ሁለተኛውን ሺፍት ትተዋለች፤ ጉልበቷን ሐኪም እረፊ ካላት ሁለት ዓመት ሆኗታል። «ያለን ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ነው» አለኝ። «ሌላ ምንም የለንም።»

ግቢው በሽቦ የታጠረ ነው፤ የቆርቆሮ ጥላ፣ የብረት ጎተራ፣ የውሃ ገንዳ አለው። እናቶቹ ለብቻ፣ አርባ የሚሆኑ ወጣቶች ለብቻ ናቸው። ራሞን ሰፊ ኮፍያ ያደረገ ወፍራም ሰው ነው፤ ከመኪና ሳልወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝ። ከዚያ ችግሩን አሳዩኝ። አሳማዎቹ ከሳምንት በላይ መኖውን እምቢ ብለው ነበር። ወደ ገንዳው ይመጣሉ፣ ያሸታሉ፣ ጥቂት ይቀምሱና ፊታቸውን ያዞራሉ፤ አንዳንዶቹ ያስመልሳቸዋል። ከቢሾፍቱ ሆቴሎች ጀርባ ያሉት አሳማዎች ፌስታል እንኳ አይተርፋቸውም። አሳማ ምግብ ሲጠላ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ራሞን የእንስሳት ሐኪም እንጥራ አለ። ጋሼ እኔን ወደ ጎን ወሰደኝ። በአቅራቢያው ያለው ክሊኒክ አንድ ነው፤ እዚያ ስልክ የምታነሳው የእማማ አስካለ የልጅ ልጅ ሣራ ናት፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምር። ዛሬ ኮል ካደረግን በሚቀጥለው እሑድ የማይሰማ የለም አለኝ። ደግሞም እግዜር አንተን ልኮልናል አለና ወደ ራሞን ተመልሶ፣ የእህቱ ልጅ የእንስሳት ዶክተር መሆኑን በእንግሊዝኛ ነገረው።

ያኔ ተናግሬአለሁ። «ጋሼ፣ እኔ ገና ምንም አልተማርኩም» ብያለሁ። እሱ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ፈገግ አለ። በእኛ ዘንድ የሚያውቅ ሰው አላውቅም ይላል፤ አውቃለሁ የሚል ነው የሚያጠራጥረው። እውነቱን ስናገር ትሕትና አድርጎ ቆጠረልኝ። ሁለተኛ ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።

ሰኞ ነሐሴ ፭ ጎተራውን ከፍተን አየን። በቆሎውን በርካሽ የሸጠላቸው ገበሬ የራሱን ጎተራ ጣሪያ በረዶ በስቶበት እንደነበር ራሞን ዘግይቶ ነው የሰማው። የኮሎራዶ በረዶ የመኪና መስታወት ይሰብራል። እጄን ስከት በቆሎው ይሞቃል። አንዳንዱ ተጋግሮ እንደ ጓል ሆኗል፤ ነጭና ሐምራዊ የመሰለ ሻጋታ ነበረበት፤ ሽታው ክረምት ላይ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር እንደተቀመጠ ጆንያ ነው። ችግሩ ይሄ ነው አልኩ። ይህን ለማወቅ ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱ ግን ትልቅ ነገር እንደተናገርኩ ሆነው ተያዩ።

ይጣል ወይ አለ ጋሼ። አዲሱ ምርት እስኪደርስ የሚቀልቡት ሌላ በቆሎ አልነበራቸውም፤ ሲጠይቀኝ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። እኔም እኛ ቤት የሚደረገውን ነገርኩት። አውድማ ላይ ዝናብ የመታው እህል አይጣልም፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይታሻል፣ ይበጠራል፣ የጠቆረው ይለቀማል። እናቴ እንዲህ ያደረገችውን በቆሎ በልተን አድገናል። «ከጸዳ ምንም አይልም» አልኩ። ሦስት ቃል ናት።

ጠንቃቃ ተማሪ ነኝ፤ የተናገርኩትን ሳላጣራ አልተኛም። ማታ ክፍሌ ውስጥ ስልኬ ላይ ፈልጌ አንድ ገጽ አገኘሁ። ሻጋታው ቢጠፋም ውስጡ ጥሎት የሄደው መርዝ እንደማይጠፋ፣ ፀሐይም እሳትም እንደማያስለቅቀው፣ በዚህ መርዝ አብዝቶ የሚጎዳው አሳማ እንደሆነ፣ መጠኑ ከበዛ ደረቱን ውሃ እንደሚሞላው ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልነግረው ወደ ሳሎን ወጣሁ። ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ከእናቴ ጋር በቪዲዮ እያወራ ነበር፤ ቢሾፍቱ ገና መንጋቱ ነው። «ልጅሽ አንድ ቀን ሳይሞላው በሽታውን አገኘው» ይላታል። እናቴ ነጠላዋን እንደተከናነበች እልል አለች። ጋሼ ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። እኔም የራሴን ስልክ ኪሴ ከትቼ እናቴን ደህና አደርሽ አልኳት። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ በልቤ።

ማክሰኞና ረቡዕ ሠራን። ጋሼ ሰፌዱን ከግድግዳው አውርዶ ይዞት መጣ። በነሐሴ እህል ፀሐይ ላይ አሰጣሁ ብል ቢሾፍቱ የሚያምነኝ የለም፤ እዚያ ግን ፀሐዩ ከንፈር ይሰነጥቃል። በትልልቅ ሸራ ላይ ዘረጋነው፣ በእጃችን አሸነው፣ እኔና ጋሼ በተራ አበጠርን። አቧራው አረንጓዴ ነበር፤ እየሳልኩ ነበር የምሠራው። ራሞን ልሞክር ብሎ ሰፌዱን ሲያነሳው በቆሎው ሁሉ ኮፍያው ላይ ተበተነ። ጋሼ ሆዱን ይዞ ሳቀና፣ ለዚህ ሰውዬ እኛ አገር ሚስት የሚሰጠው አይገኝም አለኝ። ተርጉሜ ለራሞን ነገርኩት፤ እሱም እኔ አገርም በጭንቅ ነው ያገኘሁት አለ። በምሳ ሰዓት ባቄላ በቂጣ አመጣልን፤ መጾማችንን አውቆ ሚስቱ ያለ አይብ ነበር የሠራችልን። ጋሼ ወገቡን ሳይዝ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዱን ጊዜ ሰምቶኝ «ምን አልክ ዶክተር?» አለ። ጥሩ እየደረቀ ነው አልኩት።

ሐሙስ ነሐሴ ፰ በቆሎው ጸዳ። ሻጋታ የለበትም፣ ሽታ የለበትም፣ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ገንዳው ውስጥ ስናፈስሰው አሳማዎቹ ተሻምተው መጡ፣ አሸተቱ፣ እንደገና ፊታቸውን አዞሩ።

ስለዚህ ጉዞ ሳስብ እዚህ ላይ ነው የምቆመው። እግዚአብሔር አንድ ጊዜ ደግሞ ዕድል ሰጥቶኝ ነበር። እንስሳቱ እኔ ያነበብኩትን ነገር በአፍንጫቸው አንብበው እምቢ ብለው ነበር። ጋሼ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና መሬት መሬት አየ። ያንን ማየት አልቻልኩም። እኛ ጋ ላም ገለባ እምቢ ስትል የስኳር ዝቃጭ የሆነው ሞላሰስ ይረጭበታል አልኩ። ራሞን ወዲያው መኪናውን አስነስቶ ሄዶ አንድ በርሜል ይዞ መጣ። አርሰን ሰጠናቸው። በሉ። እናቶቹም ወጣቶቹም ገንዳው እስኪያብረቀርቅ ላሱት። ጋሼ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረና «ዶክተር» አለ።

እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ ደስ የሚል ነበር፤ ለዚህ ነው ስለ እሱ ብዙ መጻፍ የማልፈልገው። ዴንቨር መሃል ከተማ ወሰዱኝ፣ ተራሮቹን ከቅርብ አሳዩኝ፤ ከሁሉም የማስታውሰው ጥቂት ነው። አሳማዎቹ በየቀኑ ይበሉ ነበር። ምናልባት ያነበብኩት ገጽ ስለ ሌላ ዓይነት ሻጋታ ይሆናል፣ ምናልባትም መጠኑ ያንሳል እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር። እሑድ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሄ ልጅ እርሻዬን አዳነልኝ እያለ ተናገረ፤ ምን ዓይነት እርሻ እንደሆነ ሳይናገር።

ማክሰኞ ነሐሴ ፲፫ ቡሄ ነበር። ቢሾፍቱ ቢሆን ልጆች በየበሩ ጅራፍ ያጮሁ ነበር። እኔ የጋሼ ስልክ ሲጠራ ነው የነቃሁት፤ ራሞን ነው። ስንደርስ አራት ወጣት አሳማዎች አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ እንደ ውሻ በኋላ እግራቸው ተቀምጠው ነበር። ጆሯቸው ሰማያዊ ሆኗል። አንዱን ጋሼ ደግፎ ሊያቆመው ሲሞክር እጁ ላይ ወደቀ። እስከ ምሳ አራቱም ሞቱ፤ እስኪመሽ ሌሎች ሦስት ተከተሉ። ገንዳው ውስጥ የጠዋቱ መኖ እንዳለ ነበር፤ እኔ ሮጬ በሰፌዱ እየዛቅሁ ወደ ውጭ አወጣሁት። ማንም ለምን እንደማወጣው አልጠየቀኝም።

ረቡዕ ጠዋት የሞቱትን መቁጠር ተውን። ራሞን ጋሼን ሳያስፈቅድ ክሊኒኩ ደወለ፤ ስልኩን ሣራ አነሳች።

ሐኪሟ አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ነበረች። አንዱን ሬሳ ቀደደችው። ደረቱ ውስጥ ቢጫ ውሃ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሳምባው ከብዶ እንደ ረጠበ ስፖንጅ ነበር። ምን እንደበሉ ጠየቀች። ጋሼ በኩራት አይደለም፣ በልማድ፣ ወደ እኔ እያመለከተ ዶክተር እሱ ነው፣ እሱ ይንገርሽ አላት። እሷም እንደ ሥራ ባልደረባ ፊት ለፊቴ ቆማ ምን እንዳዘዝኩ ጠየቀችኝ። ነግሬአት ስጨርስ ስንተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። አንደኛ አልኳት። ጻፈችው። አልተቆጣችኝም። መድኃኒት እንደሌለው፣ የቀረውን በቆሎ እንዳንነካው፣ ናሙናውን ለምርመራ እንደምትልክ ተናገረች። በእንዲህ ያለ በቆሎ ውስጥ ብዙ ጊዜ መርዙ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ፣ እምቢ ማለታቸው እንደጠበቃቸው፣ ያጠፋቸው ጣፋጩ ሞላሰስ እንደሆነም ለራሞን ስትነግረው ሰማሁ። ጋሼም አጠገቡ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ሁለት እናቶች ሞቱ። የቀሩት ዘጠኙ መተንፈስ ቻሉ፤ ጋሼም በእነሱ ላይ ተስፋ ጣለ። ሐሙስ ግን መጨንገፍ ጀመሩ። ራሞን በአካፋ፣ እኔ በባልዲ እናወጣ ነበር። ጋሼ ከጥላው ሥር አልተነሳም።

ዓርብ ነሐሴ ፲፮ ጾሙ ተፈታ። እትዬ ጥሩ ዶሮ አልሠራችም፤ ጋሼም ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ወደ ስድስት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። እማማ አስካለ ናቸው፤ ከኋላቸው ሣራ ሁለት ድስት ተሸክማለች። ጋሼ ብድግ አለና ሣራን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ተናግራለች ብሎ ነው ያሰበው።

እማማ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር፤ ልቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው። ጋሼን ስመው አጠገቡ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉ። «ንብረት ነው፤ ይተካል።»

«ማን ነገረዎት?» አለ ጋሼ።

«የቱን? መሞታቸውን ነው? ራሞን ሲደውል ይቺ ነገረችኝ።»

«አሳማ መሆኑን።»

አሮጊቷ ግራ ገባቸው። ወደ እትዬ ጥሩ አዩ፣ ወደ ሣራ አዩ። ሣራ ድስቶቹን እንደያዘች ትከሻዋን ነቀነቀች። «ኤቭሪባዲ ኖውስ፣ ጋሼ» አለች በቀስታ። «ላይክ፣ ፎር ይርስ።» ሁሉም ካወቀ ዓመታት ሆኖታል ማለቷ ነው።

«ያንተ መኪና ውስጥ ገብቶ ያልሸተተው አለ እንዴ?» አሉ እማማ አስካለ። «ቄሱን ስንት ጊዜ ቤታቸው አድርሰሃል? በግ አምጣ እያልኩ የማሾፍብህ ለምን ይመስልሃል? ትነግረናለህ ብለን ጠበቅን፤ ካልነገርከን ደግሞ እንዳናሳፍርህ ዝም አልን። አንተ አትበላውም፤ ሥራ ነው። ስንቱ ልጃችን ሱቅ ቆሞ ይሸጠው የለም እንዴ?»

ጋሼን ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። «በመጀመሪያው ቀን እደውል ነበር። ሣራ ስልኩን ስለምታነሳ ብቻ ነው ያልደወልኩት።»

ሣራ ድስቶቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። እትዬ ጥሩ ተነስታ ሰሃን አመጣች፤ ሰው መጥቷልና መብላት ነበረብን። በላን። ከሶፋው በላይ ምስማሩ ባዶውን ነበር።

የምርመራው ውጤት በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ አዲስ ነገር አልነገረንም። ሬሳውም በቆሎውም ተቆፍሮ ተቀበረ። ሰፌዱን ሐኪሟ አቧራው ለሰውም አይበጅም ስላለች እኔ ራሴ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩት። ከቀሩት እናቶች ሰባቱ ጨንግፈው ነበር፤ ስምንተኛዋ በዚያው ሳምንት ጨነገፈች። አንዷ ብቻ አልጨነገፈችም። ጆሮዋ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት። ጋሼ በየቀኑ እየሄደ በደህና መኖ በእጁ ያበላት ነበር።

ቅዳሜ ነሐሴ ፳፬ ወደ አየር ማረፊያው የወሰደኝ እሱ ነው። በዚያው ሳምንት እትዬ ጥሩ ለሥራ አስመዝግባው ነበር፤ ወገቡ ከቻለ እሱም ወንበር ሊገፋ ነው። እሷ ጉልበቷን በፋሻ ጠምጥማ ከሩቅ እጇን እያወዛወዘች አለፈች፤ ወንበሩ ላይ አንዲት አሮጊት ነበሩ።

መለያያው ላይ ስንደርስ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ሰኞ ዕለት አንብቤ ነበር። መርዙ በማበጠር እንደማይጠፋ አንብቤ ነበር። ከእማዬ ጋር ስታወራ ልነግርህ ወጥቼ ነበር።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሻንጣዬን ማንገቻ ትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ተንቀሳቀሰ።

«ናሆም» አለኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። «ተራህ ደርሷል፤ ሂድ።»

ቢሾፍቱ ስገባ እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሰፌዱን ሰቀለው ወይ ብላ ነው። ሰቅሎታል አልኳት። ውሸት አይደለም፤ ለሦስት ቀን ተሰቅሎ ነበር። እሷ አሁንም ዶክተር ትለኛለች። በተጠራሁ ቁጥር አፌ ላይ የሚመጣውን ነገር እውጠዋለሁ። ይህን ስታነብ ግን ታውቀዋለች።

ያቺ ጆሮዋ ላይ ነጥብ ያላት አሳማ ያለ ቀኗ ምጥ ያዛት። ጋሼ አብሯት ውሎ አደረ። አስር ግልገሎች ወለደች፤ አንዱም አልተነፈሰም። ራሞን ጉድጓዱን ሲቆፍር ጋሼ ደወለልኝና «ናሆም፣ አለቀ» ብሎ ዘጋው። ቢሾፍቱ ውጭው ዝናብ ነበር፤ የሰፈራችን ልጆች የሩፋኤል ጸበል ነው እያሉ ልብሳቸውን አውልቀው ይሮጡበት ነበር። ቀኑ ጳጉሜን ፫ ነው።